ኮንጋው ከችክችካው ጋር ሲገናኝ

እ.ኤ.አ. በ1966 ኒው ዮርክ ውስጥ «አፍሮ ላቲን ሶል» የሚል ሸክላ ወጣ። የሙላቱ አስታጥቄና «የኢትዮጵያ ኩዊንቴት» ሥራ ነው ይላል ሽፋኑ፤ ከሙላቱ አጠገብ የሚጫወቱት ግን በአብዛኛው ፖርቶ ሪካውያን ወጣቶች ነበሩ። ከዜማዎቹ አንዱ «ይፈራም ጋሜ ይፈራም» ይባላል። አዎ፣ ያው የእኛው የጀግና ዘፈን ነው። የሚዘፈነው ግን በስፓኝኛ ነው፤ ከሥሩ ኮንጋ የተባለው የኩባ ከበሮ ይመታል፣ ፒያኖው ደግሞ የሃቫና ጭፈራ ቤት ውስጥ እንዳለ ሁሉ ይሽከረከራል።

ደቡብ ጎንደር ውስጥ አንበሳሜ ወይም ወረታ ተወልዶ፣ በጥር ሰርግ ቀረርቶና ሽለላ እየሰማ ላደገ ሰው ይህን ሸክላ ቢያሰሙት መጀመሪያ ሳይስቅ አይቀርም። ትንሽ ቆይቶ እግሩ መሬት መምታት ይጀምራል። ሳቁን ማስረዳት አያስቸግርም። እግሩን ግን ማስረዳት ያስፈልጋል፤ የዚህ ምዕራፍ ሥራም እሱ ነው። (ዓመታቱን የምጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ ሸክላዎቹም የታተሙት በዚያው ቁጥር ስለሆነ።)

ሙላቱ በ1943 ጅማ ተወለዱ። በ1950ዎቹ መጨረሻ ኢንጂነር ሆነው እንዲመለሱ ወደ ዌልስ ተላኩ። ሊንዲስፋርን ኮሌጅ በተባለው ትምህርት ቤት ግን ልባቸው ወደ ሙዚቃ አደላ፤ ከዚያ ለንደን ትሪኒቲ የሙዚቃ ኮሌጅ ገቡ። የዚያን ዘመን ለንደን ከካሪቢያንና ከምዕራብ አፍሪካ በመጡ ሙዚቀኞች የተሞላች ነበረች። ሙላቱ ከጉያና ከመጣው ዘፋኝና የከበሮ ተጫዋች ከፍራንክ ሆልደር ጋር የሠሩት እዚያ ነው። ላቲን ሙዚቃን ከመጽሐፍ ሳይሆን መድረክ ላይ፣ ከአንድ ሰው እጅ ተማሩት ማለት ይቻላል።

ቀጥሎ ቦስተን ነው። በርክሊ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ሲገቡ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ተማሪ ሆኑ። በርክሊ በ1945 ሲመሠረት «ሺሊንገር ሃውስ» ይባል ነበር፤ ሺሊንገር ሙዚቃን በሒሳብ ስሌት ማስተማር ይቻላል ብሎ ያምን የነበረ ሰው ነው። ለምሕንድስና ከአገሩ የወጣ ልጅ እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ማረፉ ዕጣ ፈንታ ነው አልልም፤ ነገር ግን ያስፈግጋል። ዋና መሣሪያቸውም ቫይብራፎን ሆነ። ቫይብራፎን በተርታ የተደረደሩ የብረት ዘንጎች ያሉት፣ ጫፉ በክር በተጠቀለለ በትር የሚመታ መሣሪያ ነው። ከዘንጎቹ ሥር ቱቦዎች አሉ፤ በቱቦዎቹ አፍ ላይ በኤሌክትሪክ ሞተር የሚዞሩ ክዳኖች ድምፁን ያርገበግቡታል።

ከበርክሊ በኋላ ወደ ኒው ዮርክ። ከተማዋ ከ1940ዎቹ ጀምሮ የላቲን ጃዝ መናኸሪያ ናት። ኩባዊው መለከተኛ ማሪዮ ባውሳ በ1943 በማቺቶ ባንድ ያቀናበረው «ታንጋ» ብዙዎች የላቲን ጃዝ መነሻ የሚሉት ሥራ ነው። በ1947 ዲዚ ጊለስፒ ከኩባዊው ኮንጋ መቺ ከቻኖ ፖዞ ጋር «ማንቴካ»ን ሲሠሩ ነገሩ ሥር ሰደደ። ቲቶ ፑዌንቴ ቲምባሌስ ከመምታት አልፎ ቫይብራፎንም ይጫወት ነበር፤ ካል ጄደር የተባለው ካሊፎርኒያዊ ደግሞ ቫይብራፎንን የላቲን ጃዝ ሁነኛ መሣሪያ አደረገው። ስለዚህ ቫይብራፎን ተሸክሞ ከኮንጋ መቺዎች መሐል መቆም ለሙላቱ አዲስ ፈጠራ አልነበረም። አዲሱ ነገር በዘንጎቹ ላይ የሚመቱት ዜማ ነው።

አሁን ወደ እግሩ እንመለስ። በእኩል ፍጥነት ከአንድ እስከ ስድስት ይቁጠሩ፤ ሳያቋርጡም ይድገሙት። በአንድ፣ በሦስትና በአምስት ላይ ያጨብጭቡ። ጭብጨባው ሲረጋ በአንድና በአራት ላይ በእግርዎ መሬቱን ይምቱ። እጅ ሦስት፣ እግር ሁለት ይላል፤ ሁለቱም በአንዱ ላይ ይገናኛሉ፣ ከዚያ ይለያያሉ፣ ተመልሰው ይገናኛሉ። መጀመሪያ ያደናግራል፤ ሲለመድ ግን ትከሻ ካልተንቀሳቀሰ አይሆንም። የአዲስ አበባ ሙዚቀኞች ይህን ምት ችክችካ ይሉታል። ከጎንደር እስከ ጎጃም ያለው እስክስታ በአብዛኛው የሚቆመው በዚህ ላይ ነው፤ ከበሮ መቺዋ አንዱን ስትይዝ አጨብጫቢዎቹ ሌላውን ይይዛሉ።

ኩባም ውስጥ ስድስቱን ለሁለትና ለሦስት የሚከፍል ምት አለ፤ ከአምልኮ ከበሮዎች ተነሥቶ ወደ ጭፈራው፣ ከጭፈራው ወደ ላቲን ጃዝ የገባ። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። ያንን ምት ወደ ኩባ የወሰዱት በባርነት የተጋዙ የምዕራብና የመካከለኛው አፍሪካ ሰዎች ናቸው እንጂ የወረታ ሰው አይደለም። ሁለቱ ምቶች ተመሳሰሉ ማለት አንዱ ከሌላው ተወለደ ማለት አይደለም። ሙላቱ በቃለ ምልልሶቻቸው አፍሪካ ለዓለም ሙዚቃ ያበረከተችውን አጥብቀው ያነሣሉ፤ ልክ ናቸው። ለእኛ ጉዳይ ግን ዝምድናው በደም ባይሆንም ይበቃል፤ እጅና እግሩ ይግባባልና።

ከምቱ የበለጠ እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ሌላው ነገር ነው፤ ስለ እሱ ብዙ ሲጻፍ አላየሁም። ሙላቱ የኢትዮጵያን ዜማ ከጃዝ ጋር ለማገናኘት ለምን በላቲን በኩል መጡ? ቀጥተኛው የጃዝ መንገድ አጠገባቸው ነበር። የዚያን ዘመን የጃዝ አንዱ ኩራት ሕብረ ድምፅን፣ ሙዚቀኞች ኮርድ የሚሉትን፣ ቶሎ ቶሎ መቀያየር ነው። ቢቦፕ በተባለው የጃዝ ስልት ውስጥ ኮርዱ በየሁለት ምቱ ሊቀየር ይችላል። ይህ የእኛን ቅኝት የሚያስጨንቅ ነገር ነው።

ለምን እንደሚያስጨንቅ እንይ። ትዝታ በሙሉው (በሜጀሩ) ሲቃኝ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። አምስት ብቻ። ኮርድ የሚሠራው አንዱን ድምፅ ዘሎ ሌላውን በመደራረብ ነው፤ በሬ ላይ ኮርድ ልሥራ ቢሉ ፋ ያስፈልጋል፣ ትዝታ ውስጥ ግን ፋ የለም። አምባሰል ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት ነው፤ እዚያ ደግሞ ሚ የለም፣ ኮርዱ ሐዘን ይሁን ደስታ የሚለየው ድምፅ ጠፋ ማለት ነው። አንቺ ሆዬ ይብሳል፦ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ። በዚህ ላይ በየሁለት ምቱ ኮርድ ቢቀያይሩበት ባዕድ ድምፆች እየተግተለተሉ ይገቡና ቅኝቱ ይጠፋል። አምባሰሉም አንቺ ሆዬውም አንድ ዓይነት ይሆናሉ።

ላቲን ሙዚቃ ውስጥ ግን ሞንቱኖ አለ። ፒያኖው አንዲት አጭር ሐረግ ይይዛል፤ በአንድ ወይም በሁለት ኮርድ ላይ ይሽከረከራል፣ ከዚያ ፈቀቅ አይልም። ባሱም ይከተለዋል። ኮንጋው ሥሩን ይዞታል። በዚህ ጸጥ ባለ ወለል ላይ ዜመኛው እንደ ልቡ ይሄዳል። ከመሪው ቀጥሎ ተቀባዮች አንዲት ሐረግ ይመልሳሉ፤ መሪው ስንኝ እየፈጠረ ይሄዳል፣ እነሱ ያችኑ ይመልሳሉ።

ይህን አንበሳሜ ላይ ማስረዳት ያስፈልጋል? አዝማሪው የሚያደርገው ይኸንኑ ነው። ማሲንቆው አንዲት አጭር ዜማ ይዞ ይመላለሳል። ከተሰብሳቢው አንዱ «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ይወረውርለታል፤ አዝማሪው ተቀብሎ ያዜመዋል፣ ማሲንቆው ወደዚያችው ሐረግ ይመለሳል። ግጥሙ ይሄዳል፣ ዜማው ይቀመጣል። ሰርግ ላይ ደግሞ አውራጅና ተቀባይ አለ። ሞንቱኖ ማለት ለእኛ ሰው ኮንጋ የተጨመረበት ተቀበል ነው ብል አላጋነንኩም። ሙላቱ ያገኙት በር ይህ ይመስለኛል፦ ብዙ የማይንቀሳቀስ ወለል፣ በላዩ ቅኝቱን የማያስቀይም ቦታ። «ይፈራም ጋሜ» በላቲን ሙዚቀኞቹ እጅ ባዕድ የማይመስለው ለዚህ ይመስለኛል።

የጠፋም ነገር አለ። ማሲንቆ አንድ ጅማት ብቻ አላት፤ ጅማቷም የፈረስ ጭራ ናት። ጣት የሚጫንበት ሰሌዳ የላትም፤ ጣቱ ጅማቷን በአየር ላይ ይነካል፣ ያንሸራትታል። አዝማሪ ከአንድ ድምፅ ወደ ሌላው ሲሄድ በመሐል ያለውን መንገድ ሁሉ ያሰማል። ቫይብራፎን ይህን አይችልም። እያንዳንዱ ዘንግ አንድ ድምፅ አለው፤ መመታት እንጂ መንሸራተት የለም። የሞተሩ ርግብግቢት ትንሽ ያካክሳል፣ ግን ያው አይደለም። ለዚህ ነው የሙላቱ ትዝታ ሲያዳምጡት ቀዝቀዝ ያለ፣ ከሩቅ የሚታይ የሚመስለው። አንዳንድ ሰው ይህን ጉድለት ይለዋል። እኔ አልልም፤ ትዝታን ከማልቀስ ውጭ በሌላ ስሜት መስማት እንደሚቻል ያሳየን እሱ ነው። በተቃራኒው ጌታቸው መኩሪያ ሽለላና ፉከራን በሳክስፎን ሲጫወቱ የቀረርተኛውን ጉሮሮ እንዳለ ወደ መሣሪያው አስገቡት፤ መንሸራተቱን፣ መጮኹን፣ ትንፋሹን ሁሉ። አንድ ዓይነት ዘፈን፣ ሁለት መንገድ።

ሙላቱ በ1960ዎቹ መጨረሻ ወደ አዲስ አበባ ሲመለሱ ቫይብራፎንና ኮንጋ ይዘው መጡ። ሕዝቡ መጀመሪያ ላይ እንዳልወደደው ራሳቸው ተናግረዋል። የከተማዋ ጆሮ የለመደው የጦር ሠራዊቱንና የክቡር ዘበኛን ባንዶች ነበር፤ መለከት፣ ሳክስፎን፣ ከፊት የሚቆም ዘፋኝ። ያ ባህል መምህራንም ነበሩት። በ1924 ከኢየሩሳሌም የመጡት አርባዎቹ የአርመን ልጆች መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበሩ፤ በኋላም የወንድማቸው ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርና በሌሎች ባንዶች ውስጥ አንድ ትውልድ ሙዚቀኛ አሠልጥነዋል። ሙላቱ የገቡት በባዶ ቦታ ላይ አልነበረም። ያጎሉት ግን ዘፋኝ የሌለበትን ሙዚቃ ነው፤ ያለ ግጥም ዜማን ብቻ ተቀምጦ መስማት። ለግጥም ሟች ለሆነ ሕዝብ ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም።

መንገዱን ያቀለለው ዐምሃ እሸቴ ነው። በ1969 የራሱን የሸክላ ማሳተሚያ ሲከፍት ሙላቱ ከዋና አቀናባሪዎቹ አንዱ ሆኑ። በ1972 ኒው ዮርክ ተመልሰው «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ»ን ቀረጹ። ስሙን ከጸጋዬ ገብረ መድኅን ተውኔት ጋር የሚጋራው «የከርሞ ሰው»ም የዚያ ዘመን ሥራ ነው፤ የባስ መስመሩን ብዙዎች ከሆራስ ሲልቨር «ሶንግ ፎር ማይ ፋዘር» ጋር ያመሳስሉታል፣ ይመሳሰላልም። ልብ በሉ፣ የሲልቨርም ዜማ ቢሆን የብራዚል ምት የነካው ነው። በኅዳር 1973 ዱክ ኤሊንግተን ከነባንዱ አዲስ አበባ ሲመጣ ከአስተናጋጆቹ አንዱ ሙላቱ ነበሩ።

ከዚያ አብዮቱ መጣ፤ ሰዓት እላፊውም የሌሊቱን ሙዚቃ ገደለው። ስለዚያ ዘመን በሌላ ምዕራፍ እንመለስበታለን። አንድ ነገር ብቻ ላንሣ፦ በኦጋዴን ጦርነት ጊዜ በሺዎች የሚቆጠሩ ኩባውያን አገራችን ገቡ፣ የኢትዮጵያ ልጆችም ለትምህርት ወደ ኩባ ሄዱ። የኩባ ምት ግን ከዚያ አሥር ዓመት ያህል ቀድሞ በአንድ የጅማ ልጅ ሻንጣ፣ በኒው ዮርክ በኩል፣ አዲስ አበባ ደርሶ ነበር። ፖለቲካው ሙዚቃውን ተከተለ እንጂ አልመራውም።

የውጭው ዓለም ሙላቱን እንደገና ያገኛቸው በ1998 ነው፤ ፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኤትዮፒክስ» በሚለው ተከታታይ አራተኛ ቅጽ ላይ የድሮ ሥራዎቻቸውን ፈረንሳይ አገር ሲያወጣ። በ2005 ጂም ጃርሙሽ «ብሮክን ፍላወርስ» በተባለው ፊልሙ ውስጥ ዜማዎቻቸውን አስገባ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ዝና ሁሉም ያውቀዋል። ብዙ ጊዜ ታሪካቸው እዚህ ላይ እንደ ተረት ያበቃል፤ ተረስቶ የተገኘ ጥበበኛ። እኔን ግን የሚስበኝ ከዚያ በኋላ የያዙት የመምህርነት ሥራ ነው።

በ2007 እና በ2008 ሃርቫርድ በራድክሊፍ ተቋም ተመራማሪ ሆነው ሲቀመጡ የያዟቸው ሁለት ነገሮች ነበሩ። አንዱ የባህል መሣሪያዎችን ማሻሻል ነው፤ በተለይ ክራር። ክራር በአንድ ቅኝት ከተቃኘ በዚያው ይቆያል፤ ወደ ሌላው ለመሄድ አውታሮቹን እንደገና ማላላትና ማክረር ያስፈልጋል። ዋሽንትም እንዲሁ ነው፤ ባለ አራት ቀዳዳው አራቱን ከፍቶ ዘግቶ የሚሰጠው አምስት ድምፅ ስለሆነ፣ ዋሽንተኛ ልዩ ልዩ ርዝመት ያላቸውን በርከት አድርጎ ይይዛል። ክራሩ ከፒያኖ አጠገብ ተቀምጦ እኩል እንዲነጋገር ማድረግ ይቻላል ወይ ነው የሙላቱ ጥያቄ። እዚህ ላይ በሙሉ ልብ አልከተላቸውም። የክራር ውበት ግማሹ ያ እምቢተኝነቱ ነው፤ አንድ ቅኝት ውስጥ ተዘግቶ መቆየቱ አድማጩንም እዚያው ያቆየዋል። ጥያቄው ግን መጠየቅ ያለበት ነው።

ሁለተኛው ሥራ ስለ ቅዱስ ያሬድ የጀመሩት ኦፔራ ነው። ይህ፣ የያሬድ የዜማ መጽሐፍ በሆነው በድጓ በኩል፣ ወደ ደቡብ ጎንደር ይመልሰናል። ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር ታጥፎ ወደ ጋይንት የሚዘልቅ ሰው በአገሪቱ ከታወቁት የሙዚቃ ትምህርት ቤቶች በአንዱ አካባቢ ያልፋል፤ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ተብሎ አይጠራም እንጂ። የድጓ ማስመስከሪያው ቤተ ልሔም ያለው በጋይንት ነው። ብዙ የድጓ ተማሪ ዜማውን አስመስክሮ መምህር ተብሎ የሚወጣው እዚያ ነው። ተማሪው ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የተባሉትን የዜማ ዓይነቶች ይለያል፤ በ16ኛው መቶ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንደሠሯቸው የሚነገርላቸውን ምልክቶች፣ ድፋቱን፣ ቅናቱን፣ ይዘቱን፣ ርክርኩን፣ ከፊደሉ በላይ ያነባል። ይህ ሁሉ ዓመታት ይፈጃል፤ ተማሪው በቃሉ ካላወጣው መምህሩ አያልፈውም።

ሙላቱ ስለ መቋሚያ አዘውትረው ይናገራሉ። ማኅሌት ላይ ካህናቱ በመቋሚያ እየዘመሙ፣ መሪው በእንቅስቃሴው ሲያዘገይና ሲያፋጥን፣ ይህ የአውሮፓ ኦርኬስትራ መሪ በትር ሳይታሰብ የነበረ አመራር ነው ይላሉ። ስለ ደራሼዎችም ይናገራሉ፤ በደቡብ በቀርከሃ ዋሽንት የሚጫወቱት ዜማ፣ የጃዝ ሰዎች ዲሚኒሽድ የሚሉትንና እንደ ግኝታቸው የሚቆጥሩትን ቅጥልጥል ድምፅ አስቀድሞ የያዘ ነው ብለው። መሣሪያዎቹን የፈጠሩት ገጠሬዎች ሳይንቲስቶች ናቸው፣ ስማቸውን ግን አናውቅም፤ የንግግራቸው ፍሬ ይህ ነው። ማን ቀደመ በሚለው ላይ የታሪክ ምሁራን ይከራከሩ። በመምህርነት ዓይን ካየሁት ግን ብልሃቱ ይገባኛል፦ ተማሪው ወደ ቦስተን ከማየቱ በፊት ወደ ጋይንትና ወደ ደራሼ እንዲያይ ያስገድደዋል።

በርክሊ በ2012 የክብር ዶክትሬት ሰጣቸው። አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ በግዮን ሆቴል ግቢ «አፍሪካን ጃዝ ቪሌጅ»ን አቋቋሙ፤ ወጣት ሙዚቀኞች የሚጫወቱበት፣ የሚማሩበት፣ የባህል መሣሪያ ተጫዋቹ ከጃዝ ተጫዋቹ ጋር አንድ መድረክ ላይ የሚወጣበት ቦታ እንዲሆን።

ትምህርቱ ምን ያህል እንደተለወጠ ለማወቅ ሁለት ሥራዎችን አስተያይቶ መስማት ነው። በ1966ቱ ሸክላ ላይ አንድም የኢትዮጵያ መሣሪያ የለም፤ ዜማው ብቻውን ነው በፖርቶ ሪካውያኑ ኮንጋ መሐል የቆመው። ሰማንያ ካለፉ በኋላ በ2025 ባወጡት «ሙላቱ ፕሌይስ ሙላቱ» ላይ እነዚያኑ የድሮ ዜማዎቻቸውን እንደገና ሠርተዋቸዋል፤ በዚህኛው ላይ ማሲንቆ፣ ክራር፣ ዋሽንትና ከበሮ ከለንደኑ ባንድ ጋር አብረው ገብተዋል። ኮንጋውም አልወጣም። ከበሮው አጠገብ ተቀምጧል፤ አንዱ በሁለት ይቆጥራል፣ ሌላው በሦስት።